ድንጋዩን እንስበር እንጂ ልጆቻችንን አንስበር



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባችን ስለ ቧንቧው ቦይ ስንነጋገር ነገሩ ከረረ። ቦዩ አይቆፈር ያለ ሰው አልነበረም፤ ቦዩ ይቆፈራል። ኮምፕሬሰርና ጃክሃመር እንከራይ በሚለውም ሁላችንም ተስማምተናል። የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ዋጋ ቀርቦልናል። አንደኛው በደረቁ የሚሰብር ነው፤ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ድንጋዩን ውሃ እየረጨ፣ ለሠራተኛው የአፍንጫና የጆሮ መከላከያ እየሰጠ፣ በፈረቃ የሚያሠራ ነው፤ ትንሽ ወደድ ይላል። ብዙው ሰው ለርካሹ እጁን ሊያወጣ ሲል ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ። እኛ በጽሕፈት ቤቱ ያለነው ዝናቡን አመስግነናል። ይህን ጽሑፍ የለጠፍነውም በመጪው እሑድ እንደገና ከመሰብሰባችን በፊት ነገሩን በሰከነ ልብ እንድታስቡበት ነው። በትግርኛ የተጻፈውም ከጎኑ አለ።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር፤ ደብቀን የምንይዘው ነገር የለም። በደረቁ መስበርን እንቃወማለን። ጽሕፈት ቤቱ ለዚያ ውል ማኅተሙን በደስታ አይመታም።

አንዳንዶች ገና ይህን ሲያነቡ «ጸሐፊዎቹ ማሽን ጠሉ፤ ወደ ድጅኖ ሊመልሱን ነው» ማለታቸው አይቀርም። ጭራሽ አይደለም። ይህን ድንጋይ በድጅኖና በመዶሻ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ቀጥቅጠህ ማታ ስትለካው አንድ ክንድ አይሞላም። ማሽኑ በረከት ነው። ደግሞ እንደ ዓይናለም ሰው ይህን መዶሻ የሚያውቅ ማን አለ? የመቐለ ከተማ ለብዙ ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው በአብዛኛው ከእኛ መሬት የሚወጣውን ውሃ ነው። ያ ውሃ የሚወጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በማንኪያ አልተቆፈሩም። የቁፋሮው መኪና መጥቶ፣ መዶሻውን ከብረቱ ጫፍ አስሮ ወደ ጉድጓዱ ሲልከው፣ በአየር ግፊት ሥር ሥሩን ሲደበድብ፣ መሬቱ ከእግራችን በታች ሲርድ የሰማን ሰዎች ነን።

ያኔ ያየነውን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። መዶሻው ደረቁን ድንጋይ ሲመታ ከጉድጓዱ አፍ እንደ ጢስ ነጭ አቧራ ይወጣ ነበር። አጥሩ፣ በለሱ፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ዱቄት ይለብስ ነበር። ከዚያ ድንገት አቧራው ቀጥ ይላል። በፋንታው ጭቃ ይተፋል። ያን ጊዜ አደይ ሁሉ እልል ይሉ ነበር፤ ውሃ ተገኘ ማለት ነውና። እኛ ግን እልል እያልን አንድ ትምህርት አመለጠን። ውሃ ባለበት አቧራ የለም። ዛሬ የምንለው ሁሉ ከዚህች አትበልጥም።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ እንዴት ይሠራል? ኮምፕሬሰሩ በናፍጣ እየሠራ አየር ይጨምቃል። የተጨመቀው አየር በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ በጎማው ቱቦ ወደ መዶሻው ይገባል። ውስጥ ያለው ፒስተን በዚያ አየር ወደ ታች ይወረወራል፤ የመሮውን ራስ ይመታል፤ አየሩ በሌላ በኩል ገብቶ መልሶ ያነሣዋል። ይህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በኤክስካቫተር ላይ የሚታሰረው ትልቁ ደግሞ በአየር ፋንታ በዘይት ግፊት ይሠራል፤ ምቱም እጅግ ይከብዳል። ሥራው ያው ነው፤ ድንጋዩን ይደቀዋል። የደቀቀው ድንጋይ ትልቁ እንደ ጠጠር ወድቆ ይቀራል፤ ትንሹ እንደ ዱቄት ይነሣል፤ የመጨረሻው ደቃቅ ግን ለዓይንም አይታይም። ከአንድ ፀጉር ውፍረት ከአሥር ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። የሚገድለው ይኸኛው ነው። ትልቁን አቧራ አፍንጫችን ይይዘዋል፣ እንተፋዋለን። ይኸኛው ግን እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል፤ ከወረደም አይወጣም። ድንጋዩ ሲሊካ የሚባለው ነገር ካለበት ሳንባውን እያቆሰለ ጠባሳ ያደርገዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። መዳኛ መድኃኒት የለውም። ይህ በሽታ ያለበትን ሰው የሳንባ ነቀርሳም ቶሎ ይይዘዋል።

አሁን በስብሰባው ላይ የተባሉትን አንድ በአንድ እንመልስ።

«ልጆቹ ወተት ይጠጡ፣ አቧራውን ያጥበዋል» ተባለ። በዚህስ እኛም ጥፋተኞች ነን። ባለፈው ጊዜ የጎርፍ ማውረጃውን ስናስቆፍር ሦስት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ በደረቁ ሲሰብሩ ዋሉ፤ እኛ ደግሞ ደግ የሠራን መስሎን ማታ ማታ ወተት ገዝተን ሰጠናቸው። ሒሳቡም በመዝገባችን አለ። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል መንገድ የለም። ወተት ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ይጠጡ። ግን በወተት ኅሊናችንን አጠብን እንጂ የልጆቹን ሳንባ አላጠብንም።

«ነጠላ አፋቸው ላይ ይሠሩ» ተባለ። ነጠላ ወይም ሻሽ ትልቁን አቧራ ይይዛል፤ ደቃቁ ግን በክሩ መካከል ውልቅ ብሎ ያልፋል። እንዲያውም የሚያታልል ነው፤ ሰውየው ተጠበቅኩ ብሎ አፉን ከአቧራው ውስጥ ይከተዋል።

«የእኛ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዱቄት በሉት፤ ማንንም አይገድልም» ያለም ነበር። ይህን የተናገሩት ሰው የግንብ ሙያ ያላቸው ስለሆኑ ብዙ ሰው ተቀበላቸው። እኛም እውነት ካለው እንቀበላለን። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲሊካው ትንሽ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ከእግራችን በታች ያለው ሁሉ ንጹሕ ኖራ ነው ያለው ማን ነው? ጉድጓድ ሲቆፈር ያየ ሰው ያውቃል። አንዱ ንብርብር ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ አመድማ ሸክላ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ መሮ የሚያጥፈው ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። የመሬት አጥኚዎችም የመቐለን ዙሪያ ሲገልጹ የኖራ ድንጋይና ሸክላማ ንብርብር ተፈራርቆበት፣ ዶለራይት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ በመካከሉ ሰርጎ የገባበት ነው ብለው ጽፈዋል። በሸክላማው ውስጥ ሲሊካ አለ። መዶሻው ደግሞ ይኸኛውን ልለፈው፣ ያኛውን ልምታ አይልም።

ደግሞስ ጉዳቱ የሳንባ ብቻ ነው እንዴ? በአሜሪካን አገር ኢንዲያና በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ቤድፎርድ በሚባል ቦታ፣ ልክ እንደ እኛ የኖራ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች ነበሩ። የአየር መዶሻ ነበር የሚይዙት። እ.ኤ.አ. በ1918 አሊስ ሃሚልተን የምትባል ሐኪም ሄዳ መረመረቻቸው። በብርድ ጠዋት ጣታቸው ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ እንደ ሬሳ ጣት ይሆናል። ድንጋዩ ኖራ ነበር፤ ጣታቸውን ግን አልማራቸውም። መንቀጥቀጡ የደሙን ሥርና ነርቩን ይጎዳዋልና። ይህን ለማየት አሜሪካን መሄድ አያስፈልግም። ስሙን የማንጠራው አንድ የሰፈራችን ሰው ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ። በዚያ ወቅት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ልጁ ናት። ሲኒ ከእጁ እየወደቀ ስለሚያፍር ቡና ሲጠራ ይቀራል። እኛ ደግሞ ኮራብን እያልን ስንቀየመው ኖርን።

ጆሮውንም አትርሱ። የዚህ መዶሻ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ይበልጣል። አዋቂዎች እንደሚሉት ሰው 8 ሰዓት ሙሉ ሳይጎዳ ሊሰማው የሚችለው 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3ቱ ዴሲቤል ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። እኛ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ ነው ያዋልናቸው።

«አባቶቻችን ያለ ማስክ አብርሃ ወአጽብሃን ከአለት ፈልፍለዋል» ብለው በቁጣ የተነሡ አቦይም ነበሩ። እናከብራቸዋለን። በእነዚያ ጠራቢዎች እኛም እንኮራለን። ነገር ግን በእጅ የተያዘ መሮ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይመታል? ማሽኑ ሺህ ጊዜ ሲመታ የሚያነሣው አቧራ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሌላም ጥያቄ አለን፤ ቤተ ክርስቲያኑን እናውቃለን፣ የጠራቢዎቹን ሳል ግን ማን መዘገበልን? በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ማን ጻፈልን?

«ውሃ ለሰው ሳይበቃ ለመዶሻ እናጠጣ?» የሚለው ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ከእኛ ምድር ወጥቶ ከተማ የሚያጠጣው ውሃ ለእኛው ቧንቧ በተራ ሲመጣ፣ ጀሪካን ተደርድሮ የሚያድርበትን ሌሊት እናውቃለን። የውሃ ነገር ያመናል። ለዚህም ነው በቁጥር የምንመልሰው። በአሜሪካን አገር የመንግሥት ተመራማሪዎች ኮንክሪት በሚሰብር ጃክሃመር ላይ ትንሽ የውሃ መርጫ አስረው ለኩት። መርጫው በደቂቃ የአንድ ሊትር ሢሶ ያህል ውሃ ነው የሚረጨው። በዚያች ውሃ ብቻ ወደ ሳንባ የሚወርደው ደቃቅ አቧራ ከ100 እጅ 70 እስከ 90 እጅ ቀነሰ። በደቂቃ የሊትር ሢሶ ማለት በሰዓት 20 ሊትር ያህል ነው። አንድ ጀሪካን! ለአንድ ሰዓት ሥራ አንድ ጀሪካን ውሃ። በየቤቱ በተራ ብናዋጣ ማን ይጠማል? ለሠርግና ለተዝካር በርሜል የምናዋጣ ሰዎች ለልጆቻችን ሳንባ አንድ ጀሪካን አቃተን ቢባል ማን ያምነናል?

«ወንድ ልጅ አቧራ አይፈራም፤ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ተስማምተዋል» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። ሥራ ያጣ ልጅ በምን የማይስማማው ነገር አለ? ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ይህ ሰፈር ስንት ልጅ እንደቀበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ የተረፉት ናቸው ዛሬ «ሥራ አለ?» እያሉ በራችንን የሚያንኳኩት። ከጥይት የተረፈን ልጅ ለቧንቧ ቦይ ብለን በአቧራ ልናጣው ነው? የራበው ሰው መስማማቱ እኛን ነጻ አያወጣንም።

የዓለም ታሪክም ከእኛ በፊት ይህን ክርክር ተከራክሮ ጨርሶታል። በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል ያለውን የሞን ሴኒ የሚባለውን የባቡር ዋሻ ሲበሱ እ.ኤ.አ. በ1857 በእጅ ጀመሩ፤ ከ1861 ጀምሮ ሶሜዬር የተባለው መሐንዲስ በአየር የሚሠራ መሰርሰሪያ አስገባ። ሥራው ፈጠነ፤ በ1871 ተከፈተ። ዓለም ሁሉ ማሽኑን ወደደው። ቆይቶ ግን በየማዕድኑ ጉድጓድ ሠራተኛው እየሳለ ማለቅ ጀመረ። የአሜሪካ ማዕድን ቆፋሪዎች የደረቁን መሰርሰሪያ ምን ብለው ሰየሙት መሰላችሁ? መበለት አድራጊ። ሚስትን ያለ ባል የሚያስቀር ማለታቸው ነው። ሌይነር የተባለ የኮሎራዶ ሰው እ.ኤ.አ. በ1897 ዓመት ገደማ መካከሉ ክፍት የሆነ ብረት ያለው አዲስ መሰርሰሪያ አመጣ። መጀመሪያ በብረቱ ውስጥ አየር ነበር የሚነፋበት፤ አቧራው ከበፊቱ ባሰ። ሠራተኞቹ አንይዝም አሉ። ሰውየው ተመልሶ አሰበና በአየሩ ፋንታ ውሃ ላከበት። አቧራው ተኛ። ልብ በሉ፤ ውሃው የመጣው ሠራተኛው እምቢ ስላለ ነው።

ይህ ከታወቀ ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931፣ ዌስት ቨርጂንያ በሚባል ክፍለ ሀገር ሆክስ ኔስት የተባለውን የውሃ ዋሻ ሲበሱ ሥራው ይፍጠን ተብሎ በደረቁ ተሰረሰረ። ድንጋዩ ሲሊካ የሞላበት ነበር። ብዙ መቶ ሰዎች በሲሊኮሲስ ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የመጡ ድሆች ጥቁሮች ነበሩ። ውሃ የሚባል መፍትሔ እንዳለ እየታወቀ ነው ይህ የተደረገ። «ክረምት ሳይገባ ይፍጠንልን» የምትሉ ወገኖች፣ ያኔም የተባለው ይኸው ነበር፤ ይፍጠን።

በአገራችንም ሕግ የለም እንዳይባል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያሳየው፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለውንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። አንዳንዱ «አሠሪው ኮንትራክተሩ ነው፣ እኛ ምን አገባን» ይል ይሆናል። ገንዘቡ ግን የእኛ ነው። ሁለት ወረቀት ፊታችን ተቀምጦ በደረቁ የሚለውን የምንመርጠው እኛ ነን። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ለአንድ ቤት ሲካፈል ስንት እንደሆነ አስልተነዋል። የሁለት ጀበና ቡና ነው። ከዚህ በኋላ ድህነት ነው ያስገደደን አንበል።

ስለዚህ በእሑዱ ስብሰባ የሚከተለው እንዲወሰን እንጠይቃለን።

1ኛ/ ውሉ በእርጥቡ እንዲሰበር ተብሎ በጽሑፍ ይግባ። ከመዶሻው ጋር የውሃ መርጫ ሳይታሰር ኮምፕሬሰሩ አይነሣ።

2ኛ/ ውሃውን እኛ በተራ እናቅርብ፤ ለሰዓት አንድ ጀሪካን፣ ንጹሕና የተጠለለ። መርጫው ቀዳዳው ጠባብ ነውና አሸዋ ከገባበት ይደፈናል።

3ኛ/ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ኤን-95 የሚባለው ወይም ከዚያ የተሻለ የአፍንጫ መከላከያ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ጓንት፣ መነጽርና ጠንካራ ጫማ ይሰጥ።

4ኛ/ መዶሻውን የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ለጓደኛው ይልቀቅ። ጠዋት እጁ ሳይሞቅ አይጀምር።

5ኛ/ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ቢለምንም ቢያለቅስም፣ መዶሻ አይያዝ።

6ኛ/ ሰፊው መንገድ ላይ ያለው ክፍል በኤክስካቫተር መዶሻ ይሰበር፤ ነጂው ከአቧራው ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ እጁም ስለማይንቀጠቀጥ ይሻላል። እሱም ቢሆን ውሃ ይረጭበት። በጠባቡ የውስጥ መንገድ ግን መኪናው አይገባም፤ እዚያ የእጁ ይሥራ። ከሁሉ በፊት ከሥር የተቀበረ መብራትና ቧንቧ የት እንዳለ ይጣራ።

7ኛ/ የወጣው ጭቃ ሳይደርቅ ይነሣ። ደርቆ በመጥረጊያ ከተጠረገ ያው አቧራ ተመልሶ ልጆቻችን አፍ ይገባል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ቦዩ አንድ ጊዜ ይቆፈራል፤ አፈሩ ይለብሰዋል፤ በዓመቱ የት እንደነበረም እንረሳዋለን። የቆፈረው ልጅ ግን ሰፈራችን ውስጥ ይኖራል። ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ዳገቷን ሲወጣ ሦስት ጊዜ እየቆመ የሚተነፍስ ሰው ብናይ፣ ውሃውን ከቧንቧው እየቀዳን ምን እንለዋለን? ወተት ሰጥተንህ ነበር እንለዋለን?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በተለመደው ቦታ እንገናኝ። የማይመጣ ሰው ቢያንስ ሐሳቡን በቤተሰቡ ይላክ። የኛ ድምፅ ለእርጥቡ ነው።

ከሰላምታ ጋር፤
የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ዓይናለም